ጋሽ ደምሰው ስተው አያውቁም

መሞቱን የነገረኝ ባሌ አበራ ነው። ከሰባታሚት በባጃጅ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። አነሣሁት። «ጋሽ ደምሰው ዐረፉ» አለኝና ድምፁ ተሰበረ። ባለባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ «እናቴ፣ ደኅና ነው?» አለ። ደኅና ነው አልሁት። ታዲያ ምን ልበለው? ደኅና ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። እኔን ግን ያድርገኝ። ሰውዬው በሕይወት ሳለ አንድም ሰው አልወቀሰውም፣ መቼም አንድ ሰው መጀመር አለበት። ዕድሜ ልኬን ጋሼና አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። ዛሬ እሱ ብለው አፈሩ አይከብደውም።

ልቅሶው ላይ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። ልጁ ምስራቅ ከቆላ ድባ መጥታ አጠገቤ ናት። ይህቺ ልጅ ከአባቷ የፈለገችው አንድ ምርቃት ብቻ ነበር። ወንዶቹ ማዶ ተደርድረው ገና ንፍሮው ሳይዞር ማሞካሸት ጀመሩ። «ጋሽ ደምሰው እኮ ከዚያች ርቀት ስተው አያውቁም» አለ አንዱ። «በፍጹም!» አለ ሌላው። አበራ ዕንባውን እየጠረገ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁት። ሰው ያለቀስሁ መስሎት ይሆናል።

«ያቺ ርቀት» የሚሏት ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር አንዲት ሎጅ አለች። የሠራት ፈረንጅ ጎልፍ ወዳጅ ነበርና ከሐይቁ ደንገል ወዲህ ያለውን ሣር አስተካክሎ ጥቂት ጉድጓዶች አስቆፈረበት፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ዱላዎቹንና ኳሶቹን ትቷቸው ሄደ። የኛዎቹ ወንዶች ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰብ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የፋብሪካ ኃላፊው፣ የባንክ ሰውዬው፣ የእኔም ባል፣ ሁሉም ሆዱን አስቀድሞ ይመጣል። ኳሷን ከሩቅ መትተው ወደ ጉድጓዷ ያስጠጓታል፣ ከዚያ በዱላ ገፋ አድርጎ ማስገባት ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ጉድጓዷ አፍ ላይ የቆመችውን ኳስ ሕፃንም ያስገባታል። ከሜዳው ማዶ ያለችውን ፈጣሪ ካልረዳ ማንም አያስገባትም። ጣጣው የመካከለኛዋ ነው፤ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ጥቂት በለጥ የምትለዋ። ቅርብ ትመስላለች። ዓይን ገባች ይላል፣ እጅ ሌላ ነገር ይሠራል። እኔ ሻዬን ይዤ ዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጬ ስንት ቅዳሜ አይቻለሁ። ከዚያች ርቀት አብዛኛዋ ኳስ ወይ አልፋ ትሄዳለች ወይ ሳትደርስ ትቆማለች። ሲጠየቁ ግን ሁሉም «እኔ እንኳ ብዙውን ጊዜ አስገባታለሁ» ይላሉ። አበራም ይላል። የገባችለትን ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራት ይከርማል፣ የሳታትን ቤት ሳንደርስ ይረሳታል። ለአፍ ዳገት የለውም ማለት ይኼ ነው።

ደምሰው ግን ከእነሱም ይለያል። እሱ ከዚያች ርቀት እውነትም ስቶ አያውቅም፤ መትቶ ስለማያውቅ።

ሰውየውን አስቀድሜ ላሳያችሁ። በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ነበር። እኔ ጸሐፊው ነበርሁ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የሱሪው መስመር ዳቦ የሚቆርጥ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብርሃኑ ላይ ይዘረጋዋል፣ አንዲት የተበጠሰች ክር ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለው ነበር። ሠራተኛዋን ያስጠራና በሰው ፊት ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላታል። አንዲቱ ምስኪን ልጄ ታሞብኝ ሳልተኛ አድሬ ነው ብትለው፣ ክሩ ልጅሽን አያውቅም አላት። ይህቺን ንግግሩን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ለወዳጆቹ ሲደግማት ሰምቻለሁ። ስህተት የሰነፍ ሰው ጌጥ ነው የምትልም አባባል ነበረችው። ጡረታ ሲወጣ ሠራተኞቹ ለስጦታው ገንዘብ እንዲያዋጡ ለማድረግ የበላሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ይህ ሰው ሜዳ ላይ። ኳሷ በመካከለኛዋ ርቀት ስትቆምለት የሱሪውን ጉልበት ቆንጠጥ አድርጎ ቁጢጥ ይላል። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ሣሩን ከወዲህ ያያል፣ ዞሮ ከወዲያ ያያል። ይነሣል። ዱላውን ኳሷ አጠገብ ያሳርፋል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እህም።» ይህን ጊዜ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው ፈጠን ብሎ ኳሷን ያነሣና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይሰጠዋል። «ገብታለች ጋሼ።» ደምሰውም «ኧረ ልምታት እንጂ» ይላል፣ ኳሷን ኪሱ እየከተተ።

የተጀመረው በአክብሮት ነው፣ እሱን አልክድም። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ እንላለን፣ ወንበር እንለቃለን፣ ተሳስቶ ሲናገር ሰምተን እንዳልሰማን እንሆናለን። ትልቅ ሰው በታናናሾቹ ፊት ሳተ ከሚባል ኳሷን ማንሣት ይሻላል ብሎ አንድ ጨዋ ልጅ አንድ ቀን አነሣት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላው አነሣት። ውሎ ሲያድር ሕግ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የሚገርመኝ፤ እነዚያው ኳሷን የሚያነሡት ሰዎች ለአዲስ ሰው ሁሉ «ከዚያች ርቀት ስተው አያውቁም» ብለው በኩራት ያወሩ ጀመር። አበራን አንድ ቀን እስቲ አስገብቶ አይተህ ታውቃለህ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ሁልጊዜ እኮ ነው የሚያስገቡት» አለኝ። ይህንን የሚለው ሰው የሂሳብ መምህር ነው።

ደምሰው ራሱማ ከሁሉም በላይ አምኗል። ዝናብ ሲጥል ሎጁ ሳሎን ገብተው በቴሌቪዥን የፈረንጆቹን ውድድር ያያሉ። እንጀራቸው የሆነው ባለሙያዎች፣ ሌት ተቀን ሌላ ሥራ የሌላቸው፣ ከዚያችው ርቀት ይስታሉ። ደጋግመው ይስታሉ። ከእነሱ አንዱ በስተመጨረሻ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ደምሰው ይስቃል። ይኼ ሰው በዚህ ሥራ ደመወዝ ይበላል እንዴ ይላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አስገባታለሁ ይላል። የኛዎቹም እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አብሯቸው ሲጫወት ወጉን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ጠፋና ደምሰው ወዶ ሳይሆን መታ። ኳሷ ጉድጓዷን ዞር ብላም አላየቻትም። ደምሰው ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። ሻይ እያማሰልሁ ነበር። «ስንዱ፣ የአንቺ ማንኪያ ነው» አለኝ። «ኳስ ሲመታ ስኳር አይማሰልም።» ባሌ፣ የገዛ ባሌ፣ መጥቶ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። መጀመሪያ በብስጭት ነበር፣ በኋላ ለመድሁት።

እስከዚህ ድረስ ያለው ያስቃል። የምስራቅ ነገር ግን አያስቅም።

ምስራቅ አንድያ ልጁ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት፣ ጎረቤትም ስለሆንን፣ ከእኔ ቤት ገብታ ወጥታ ነው ያደገችው። እትዬ ትለኛለች። ፋርማሲስት ሆነች፣ ደመወዝተኛ ሆነች፣ አንተነህ የሚባል የኮሌጅ መምህር ወደደች። ልጁ የደቅ ደሴት ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ እሱም እስኪጎረምስ ድረስ ዜማ ሲማር ያደገ። ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሰው የነገረውን ሁሉ የሚያምን ልጅ ነበር።

ሽማግሌ ሊላክ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ደምሰው «ልጁን አስቀድሜ ሜዳ ላይ ልየው» አለ። ምስራቅ ፊቷ ገርጥቶ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ፣ አባባን መቼም ያውቋቸዋል። ካልወደዱት አለቀልኝ» አለችኝ። ያለ አባቷ ምርቃት ማግባት አትፈልግም። እናት የላት፣ ወንድም እህት የላት፣ ያለ እሱ ማን አላት? ታዲያ ኳሷን እንዲያነሣ ለልጁ ንገሪው አልኋት። አንገቷን ደፋች። ልጅ የአባቷን ገመና ለእጮኛዋ እንዴት አድርጋ ትንገር? አባቴ የሚባልላቸው ሁሉ ውሸት ነው ልትለው ነው? ትልቅ ሰው ናቸው አክብራቸው ብቻ አለችው። እሱም እሺ አለ።

ቅዳሜ መጣ። አንተነህ ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ መጥቷል። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየተጠጉ «ዛሬ ጉድ ታያለህ፣ ከዚያች ርቀት ስተው አያውቁም» ይሉታል። ልጁ ጨዋታውን አይቶት አያውቅም፣ ግን በአክብሮት ያዳምጣል። ብዙም ሳይቆይ ኳሷ እዚያችው ርቀት ላይ ሄዳ ቆመች። ደምሰው ቁጢጥ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ተነሣ። እህም አለ።

በዕድሜ የሚያንሰው አንተነህ ነው። ሁሉም ዞሮ አየው። ምስራቅ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። አበራ በአገጩ ወደ ኳሷ ያመለክተዋል። ልጁ ደግሞ የተነገረው ቦታ ልቀቅ መስሎት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፈቀቅ አለ። ደምሰው እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነግረውኛል» አለ። «እኔም አንዴ በዓይኔ አይቼ ለአባቴ ልንገራቸው። ይምቷት።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተንኮል አልነበረበትም። ሊያደንቅ ነበር የመጣው። እዚያ ሜዳ ላይ ከቆሙት ወንዶች ሁሉ ያንን ሰው ከልቡ ያመነው እሱ ብቻ ነበር።

ደምሰው መታ። ኳሷ ጉድጓዷን በሩቁ አልፋ ወደ ደንገሉ ወረደች። ተከትሎ ሄዶ ከዚያ ሲመልሳትም ሳታት። ጉማሬ ሣሩን ረግጦት ነው አለ። ሁሉም አዎ አዎ፣ ጉማሬ ነው አሉ። አንተነህ ግን ሽማግሌው ያፈሩ መሰለውና ሊያጽናና ቀረበ። ምንም አይደለም ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ዜማ የሳተ ይታረምና ደግሞ ይለዋል አለው። ደግነቱ ነው ልጁን የገደለው። ደምሰው ዱላውን ጥሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ደጅ ላይ አቁሞ መለሳቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለምና አልከፋቸውም፣ ተመልሰው መጡ። አሁንም መለሳቸው። አንዴ ዘሩን አላውቀውም አለ፣ አንዴ ቤት የለውም አለ፣ አንዴ የደሴት ሰው ከተማ አይበረክትም አለ። ኳስ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። አበራን ሂድና ሁላችንም እኮ እንስታለን በለው አልሁት። አንድ ሰው ይህንን ቢነግረው ምናልባት ይበርድለታል ብዬ ነው። «ምን ነካሽ፣ እኔ ነኝ ይህን የምላቸው?» አለኝ። ባንክ ቤት ለሚሠራውም ነገርሁት። እሱም ያው ነው።

ምስራቅ ግን የአባቷ ልጅ ናት፣ አንገቷ አይታጠፍም። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ወጥታ የፋርማሲውን ነጭ ጋውን እንደለበሰች ሜዳው ላይ መጣች። ወንዶቹ ሁሉ አሉ። ከአበራ እጅ ኳስ ተቀበለችና እዚያችው ርቀት ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«አባባ፣ ይህቺን ይምቷት። ከገባች አንተነህን እተወዋለሁ፣ ስሙንም አላነሣም። ከሳቷት ግን ይመርቁናል። ቃሌ ነው።»

እስቲ አስቡት። ስቼ አላውቅም ብሎ የሚያምን ሰው ይመታል፣ ያስገባል፣ ልጁን ያስቀራል። ልጁን የሚወድ አባት ደግሞ ይመታል፣ ካስፈለገም ሆን ብሎ ይስታል፣ ከዚያ ስቆ ይመርቃል። ማንኛውም አባት ከሁለቱ አንዱን ያደርግ ነበር። ደምሰው ቁጢጥ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ሣሩን ከወዲህ አየ፣ ከወዲያ አየ። ተነሥቶ ዱላውን አስጠጋ። መልሶ አነሣው፣ ደግሞ አስጠጋው። ፈርቶ ነበር። እኔንም ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ፣ ምታ አንተ ሰው፣ ምታና ይውጣልህ አልሁ በሆዴ።

«እህም» አለ።

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንተነህ እዚያ የለም። ከዚያ ባሌ አበራ ፈቀቅ ሲል አየሁት። «አበራ፣ ኳሷን አትንካት» አልሁት። ሰምቶኛል። ዞር ብሎም አይቶኛል። ሄዶ አነሣት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ «ገብታለች ጋሼ» ብሎ ሰጠው። ደምሰው ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ ኳሷን ኪሱ ከተታት።

ምስራቅ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሄደች። ቤት ስንገባ አበራን ምን ሆነህ ነው አልሁት። «ሽማግሌ ሰው ሲያስል እንዴት ዝም ልበል?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላመጣም።

ክረምቱ ሳይገባ አንተነህ ወደ ቆላ ድባ ተዛወረ፣ ምስራቅም ተከተለችው። ሠርጋቸው ደቅ ላይ በመሪጌታው ቤት ሆነ። በጀልባ ተሻግሬ በእሷ ወገን የቆምሁት እኔ ነበርሁ፣ አበራን አልወሰድሁትም። መሪጌታው ሁለቱንም አንበርክከው ረጅም ምርቃት መረቁ። ምስራቅ አሜን እያለች ታለቅሳለች። የአንዱ አባት ምርቃት የሌላውን አይተካም። ደምሰው የጠየቀውን ሁሉ ልጅ የለኝም ይል ጀመር፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳው ይሄዳል። ኳሷም ትነሣለታለች።

ሲታመም ሾርባ የማመላልስለት እኔ ነበርሁ። ጎረቤት ነው፣ ምን ይደረጋል። ልጄን ጥሩልኝ አላለም። እኔ ደወልሁላት። ምስራቅ ሕፃኗን አዝላ ጎንደርን ዞራ በአውቶቡስ መጣች። ገብታ ጉልበቱን ሳመች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ልጇ፣ ስለ ቆላ ድባ ሙቀት፣ ስለ ሥራዋ አወራችለት። ሕፃኑ ብርድ ልብሱን ይዞ ይጎትታል፣ እሱንም አያይም። ምስራቅ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ነገረችው።

«አባባ፣ ያቺ ኳስ ቢመቷት ትገባ ነበር። ትገባ እንደነበር አውቃለሁ።»

ደምሰው ዞረ። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። በቃ፣ አሁን ይመርቃታል ብዬ ለምርቃት እንድትንበረከክ ሕፃኑን ተቀበልኋት። ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። የመነመነ እጁን አነሣ። ምስራቅ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። እሱ ግን ጣቱን ቀሰረባት።

«ታዲያ ቃልሽን ለምን አጠፍሽ?» አላት።

ምርቃቱ በዚያው ቀረ። ምስራቅ የተገፈፈውን ብርድ ልብስ እግሩ ላይ አስተካከለችለትና ልጇን ከእጄ ወስዳ ወጣች።